አበባን ከቅርብ አብቃይ ስለ መግዛት

እንደሚታወቀው አርሲ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ስንዴና ገብስ ነው። ዲክሲስም ስሙ የሚነሳው በእህሉ ነው። አበባ ግን ለጌጥ ብቻ የተፈጠረ፣ ከቁም ነገር የማይቆጠር ይመስለናል። ይሁን እንጂ አበባም መሬት፣ ውሃ፣ ጉልበትና ገበያ የሚፈልግ ምርት ነው። ከእህል የሚለየው ከተቆረጠ በኋላ ዕድሜው የጥቂት ቀናት መሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የዕድሜ ማጠር ለአብቃዩና ለገዢው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳትና፣ ለምረቃችን አበባ ከየት እንግዛ ለሚለው ጥያቄ አንድ ሐሳብ ማቅረብ ነው።

1ኛ. አበባ ምን ያህል ይጓዛል?

ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ከኬንያ ቀጥላ ብዙ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት። እርሻዎቹ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በሌሎችም ቦታዎች ይገኛሉ። ለእኛ የሚቀርበው የዝዋይ (ባቱ) ሲሆን፣ እዚያ ትልቁ የጽጌረዳ እርሻ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ገደማ ነው። እርሻው የሚጠጣው የዝዋይን ሐይቅ ውሃ ነው። ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች አንዱ ደግሞ ከአርሲ ተራሮች የሚነሳው ከታር ነው። እንግዲህ ከእኛው ደጋ የወረደ ውሃ እታች ጽጌረዳ ያበቅላል ማለት ነው።

ጽጌረዳው እምቡጥ ሳለ ይቆረጣል። ወዲያው ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል፤ ከዚያም በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ደርሶ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ዋናው ገበያ በሆላንድ የሚገኘው የአልስሜር ጨረታ ነው። በዚያ ጨረታ ዋጋው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀድሞ ያስቆመው ነጋዴ ይገዛል።

ይህ ንግድ ለአገር የውጭ ምንዛሪ፣ ለብዙ ሺህ ሠራተኛም እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን ገበያው ሩቅ መሆኑ ምን እንደሚያስከትል በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ታይቷል። በኮሮና ምክንያት በአውሮፓ ሱቆች ሲዘጉ የጨረታው ዋጋ ወደቀ፤ በሆላንድም፣ በኬንያም፣ በእኛም አገር ብዙ አበባ ተጣለ። ስንዴ ቢሆን ኖሮ ጎተራ ይገባ ነበር። አበባ ጎተራ የለውም።

2ኛ. የቅርብ ገዢ ለምን ያስፈልጋል?

ለዚህ ከራሳችን አካባቢ ታሪክ ምሳሌ እናገኛለን። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ለገበሬው ዘርና ማዳበሪያ ከማቅረብ ሌላ፣ ወተት የሚሰበሰብባቸው ጣቢያዎች ከፍቶ ነበር። ወተትም እንደ አበባ ነው፤ አይጠብቅም። ገበሬው የተሻለች ላም ለማርባት የሚደፍረው ጠዋት ያለበውን የሚረከበው ሰው በቅርብ ሲኖር ነው። አበባም እንደዚያው ነው።

አየሩ ይፈቅዳል ወይ ቢባል፣ አዎን ይፈቅዳል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ የሆለታም ከፍታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዝዋይ ግን 1600 ሜትር ገደማ ነው። ጽጌረዳ በደጋ ብርድ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ራሱ ትልቅ፣ ግንዱም ረጅም ይሆናል። እኔ ባደግኩበት በዲክሲስ በየግቢው ጽጌረዳ የሚተክሉ እናቶች አሉ። አበባው ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ረግፎ ይቀራል፤ ገዢ የለውማ! እኛ ደግሞ ለምረቃ ከሱቅ ከውጭ የመጣ የፕላስቲክ አበባ እንሸምታለን። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ይኸው ነው።

3ኛ. መቃወሚያዎች

«ፕላስቲኩ አይጠወልግም፣ ዋጋውም ይረክሳል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። በአንድ በኩል ልክ ናቸው። ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ለሚቀመጥ አበባ ፕላስቲኩ ሊያዋጣ ይችላል። የምረቃ አበባ ግን ለአንድ ቀን ነው፤ በማግስቱ ቦይ ውስጥ ወድቆ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል 40 ሰልጣኞች 25 25 ብር ብናዋጣ 1000 ብር ይሆናል። ይህ ብር ለአንድ ባለሱቅ ትንሽ ነው፤ በግቢያቸው አበባ ለሚያበቅሉ ሦስት ወይም አራት ቤተሰቦች ግን ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

ሌላው መቃወሚያ የውሃና የኬሚካል ጉዳይ ነው። በዝዋይ አካባቢ በዚህ ነገር ብዙ ክርክር ሲነሳ ኖሯል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ከጎረቤት ስንገዛ ግን ምን እንደረጩበት ፊት ለፊት መጠየቅ እንችላለን።

ደግሞ «ከቅርብ መግዛት» ሲባል ከሜዳ መልቀም ማለት አይደለም። አደይ አበባ በመስከረም ለአጭር ጊዜ ፈክታ ዘሯን ጥላ የምትሄድ የዱር አበባ ናት። ዘር ሳትጥል ሁሏም ከታጨደች ለከርሞ ምን ይበቅላል?

4ኛ. አገዛዝና አያያዝ

ሀ. አስቀድሞ ማዘዝ፦ ጽጌረዳ ከተቆረጠ በኋላ እንደገና እስኪያብብ ሁለት ወር ያህል ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ምረቃው ሐምሌ ከሆነ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አብቃዮቹን ማነጋገርና ቀብድ መስጠት ይገባል።

ለ. ወቅቱን ማወቅ፦ የክረምት ዝናብ የጽጌረዳን አበባ ያበሰብሳል፤ ከላይ የፕላስቲክ መከለያ ያስፈልገዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ውርጭ አለ።

ሐ. መቁረጥ፦ በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በስለታም ቢላዋ ግንዱን አግድም ሳይሆን በሰያፍ መቁረጥ። እምቡጡ መከፈት ሲጀምር ቢሆን ይመረጣል።

መ. ማቆየት፦ ውሃ ውስጥ የሚገቡትን ቅጠሎች ማንሳት፤ ንጹሕ ዕቃ መጠቀም፤ ውሃውን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መለወጥ፤ ከፀሐይና ከበሰለ ሙዝ ማራቅ። የበሰለ ፍሬ የሚያወጣው ጋዝ አበባን ቶሎ ያስረጀዋል።

5ኛ. ለእኛ ለመምህራን

ነገ በየቀበሌው ስንመደብ የወላጆች ቀን፣ የሽልማት ቀን፣ የምረቃ ቀን የምናዘጋጀው እኛ ነን። ትንሽም ብትሆን በየዓመቱ የማትቀር ገበያ በእጃችን አለች ማለት ነው። አብቃይ የሚተክለው ደግሞ ገዢው ተመልሶ እንደሚመጣ ሲያምን ነው። ስለዚህ የምረቃ ኮሚቴው ገንዘቡን ወደ ሱቅ ከመላኩ በፊት በአካባቢያችን እነማን አበባ እንዳላቸው እንዲያስመዘግብ ሐሳቤን አቀርባለሁ። ለመጀመሪያው ዓመት ግማሹ እንኳ ትኩስ አበባ ቢሆን ጅምር ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ከወተትና ከአበባ ሌላ ሳይሸጥ የሚበላሽ ምርት ምን አለ? ገዢውስ ማን ሊሆን ይችላል?

2. ይህን ርዕስ በ4ኛ ክፍል ለሒሳብና ለአካባቢ ሳይንስ ትምህርት እንዴት ታውሉታላችሁ?