ፕሮጀክተሩ ሠርቶ ተማሪው ካልተከታተለ

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በፕሮጀክተር ቪዲዮ አሳያለሁ፤ ሆኖም ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ድምፁም ከኋላ ለተቀመጡት ጥርት ብሎ አይሰማም። ምን ላድርግ?
ከደሴ

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ምስሉን ብዙ ጊዜ የሚያደበዝዘው ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ነው። ክፍሉን በሙሉ ማጨለም አያስፈልግም፤ ለሰሌዳው የቀረበውን መስኮት በወፍራም ጨርቅ ይጋርዱ። ፕሮጀክተሩንም ጠጋ ያድርጉት፤ ምስሉ ሲያንስ ይደምቃል። ድምፁን በተመለከተ፣ የሲሚንቶ ግድግዳ ስለሚያስተጋባ መጠኑን መጨመር ይብስ ያደበላልቀዋል፤ ስፒከሩን ከፍ ባለ ቦታ ላይ አድርገው ወደ ክፍሉ መሃል ያቅርቡት።

ምስሉና ድምፁ ቢስተካከሉም ተማሪው ላይከታተል ይችላል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ያስታውሱ ይሆናል። ስርጭቱ በሳተላይት ይመጣ ስለነበር መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም ነበር፤ ትልቁ ችግሩም ይህ ይመስለኛል። የእርስዎ ቪዲዮ ግን ይቆማል፤ ይህን ዕድል ይጠቀሙበት። ለምሳሌ ሕዋስ ሲከፈል፣ ክሮሞዞሞቹ መሃል ላይ ሲሰለፉ ያቁሙትና «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። ተማሪዎቹ ግምታቸውን በደብተራቸው ይሳሉ፤ ከዚያ ያስቀጥሉት።

መሣሪያው የመቃጠል ሽታ ካመጣ ሶኬቱን ነቅለው ለባለሙያ ያሳዩ። ፊት ተቀምጦም የማያይ ወይም የማይሰማ ተማሪ ካለ፣ ለወላጆቹ ነግረው ጤና ተቋም ሄዶ እንዲመረመር ቢያደርጉ መልካም ነው።