የኮሌስትሮል መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

በሱሉልታ ወተትና ቅቤ የዘወትር ምግባችን ነው። «ኮሌስትሮልዎ ከፍ ብሏል» ተብለው መድኃኒት የተጀመረላቸው ወገኖችም በመካከላችን አሉ። የዛሬው ዓምዳችን ለእነርሱና ለቤተሰቦቻቸው ነው።

አዘውትረው የሚታዘዙት አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ናቸው። ጉበት የሚያመርተውን ኮሌስትሮል በመቀነስ የልብ ደም ሥር በድንገት እንዳይዘጋና ስትሮክ እንዳይከሰት ይከላከላሉ።

በራስዎ አያቋርጡ። ኮሌስትሮል ሲበዛ ሕመም አይሰማም። ስለዚህ «ተሽሎኛል» ብሎ መተው ቀላል ነው። ውጤቱ የተስተካከለው ግን መድኃኒቱ ስለሠራ ነው፤ ሲያቋርጡት በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይጨምራል። መድኃኒቱን እየወሰዱም ቢሆን ቅቤና ጮማ ይቀንሱ።

በረመዷን። መድኃኒቱ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ ለእርሱ ሲባል ብቻ ጾም መፍታት አያስፈልግም። ጉበት ኮሌስትሮልን በብዛት የሚያመርተው ሌሊት ስለሆነ ሲምቫስታቲን ማታ ይወሰዳል። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ከኢፍጣር በኋላም ሆነ በሱሁር ሰዓት ይቻላል፤ ሰዓቱን ግን አይቀያይሩ። አንድ ቀን ከረሱ በማግስቱ ደርበው አይውሰዱ። ስኳር ወይም ሌላ ሕመም ካለብዎት ስለ ጾሙ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ይናገሩ። ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነው። ይህ መድኃኒት ሲምቫስታቲንንና አቶርቫስታቲንን በደም ውስጥ አብዝቶ ጡንቻን ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሙ ሕክምናው እስኪያልቅ የኮሌስትሮሉን ሊያስቆም ወይም መጠኑን ሊቀንስ ይችላል። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አይደብቁ።

የአደጋ ምልክቶች። ሥራ በዝቶብዎት ወይም ዳገት ወጥተው የሚሰማዎት የጡንቻ ሕመም በጥቂት ቀናት ይለቃል። ያለ ምክንያት ጭንዎንና ትከሻዎን በሁለቱም ጎን ካመመዎት ግን ለሐኪም ይንገሩ። በጾም ጊዜ ውኃ ስለሚያንስ ሽንት ደመቅ ያለ ቢጫ ሊሆን ይችላል። እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነ ግን የተጎዳው ጡንቻ ኩላሊትን ሊያውክ ስለሚችል መድኃኒቱን አቁመው በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይሂዱ። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነም እንዲሁ ያድርጉ።

እህቶች። ካረገዙ፣ ለማርገዝ ካሰቡ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ሳይዘገዩ ለሐኪም ያሳውቁ። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ እንዲቋረጥ ይደረጋል።

አያካፍሉ። ለአባት የታዘዘ ለእናት አይሆንም፤ መጠኑ የሚወሰነው በየሰው ምርመራ ነው። ጉዳት ካጋጠመዎት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላሉ።

ጤና አላህ (ሱ.ወ) የሰጠን አማና ነው። የመድኃኒትዎን ስም ዛሬውኑ በወረቀት ጽፈው ኪስዎ ውስጥ ያኑሩ፤ ሐኪም ዘንድ በሄዱ ቁጥር ያሳዩ። አላህ ዓፊያ ያድርገን!