ምዕራፍ ሰባት፦ የክረምት ሒሳብ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። ገበሬው የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ባይሆንም ይህን ወሰን ያውቀዋልና ዝናቡ ከመክበዱ በፊት የጎጆውን ክዳን ያድሳል፣ ማገዶውን ከታዛ ያገባል፣ ዘሩንና ሞፈር ቀንበሩን ያሰናዳል፤ ሐምሌ ሲመጣም የሚያስደነግጠው ነገር አይኖርም። የከተማው ነጋዴ ግን፣ ያውም ቀኑንና ወሩን ለዱቤና ለዕቁብ ሲቈጥር የሚውለው ሰው፣ ልጆቹ በሰኔ መጨረሻ ካርዳቸውን ይዘው በመጡ ቊጥር ክረምት የሚባል ነገር በዚያን ዕለት የተፈጠረ ይመስል እንደ አዲስ ይደነግጣል። «እነዚህን ልጆች የት ላድርጋቸው?» የሚለው ጥያቄ በየሱቁ በረንዳ የሚሰማው በሐምሌ እንጂ በግንቦት አይደለም፤ በሐምሌ የተጠየቀ እንደ ሆነ ደግሞ መልሱ ከሁለት አያልፍም፦ ወይ ጎረቤት፣ ወይ ስልክ።

ይህን የምጽፈው ከዳር ቆሜ ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። ባለቤቴና እኔ የምንተዳደርበት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባሕርዩ እንደ ደራሽ ወንዝ ነው፤ ዐሥራ አንድ ወር ያህል በጠብታ ሲያዘግም ይከርምና ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ደፍርሶ ይሞላል። ደብተር በደርዘን፣ እስክሪብቶ በፓኬት የሚወጣው፣ የሱቁ ኪራይ የሚሸፈነውና የዕቁቡ ዕዳ የሚቃለለው በዚያች በአንዲት ወር ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሐምሌም ቢሆን የዕረፍት ወር አይደለም፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ነጋዴው ሒሳቡን የሚዘጋው በዚሁ ሰሞን ነው፤ ደረጃ «ሐ» ይባል የነበረው አነስተኛ ነጋዴም ለብዙ ዓመታት ግብሩን እንዲከፍል የተወሰነለት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ስለ ነበር፣ ልጆች ቤት በዋሉበት በመጀመሪያው ወር አባትና እናት ወረፋ ላይ ይውሉ ነበር። እርግጥ የሁሉም ነጋዴ ክረምት አንድ አይደለም። የሲሚንቶና የብረት ነጋዴ ዝናቡ ግንባታውን ሲያቀዘቅዘው ፋታ ያገኛል፤ እርሱ የሚቸገረው በገንዘብ እንጂ በጊዜ አይደለም። ስለዚህ ሰው የማንንም ምክር፣ የእኔንም ቢሆን፣ ከመቀበሉ በፊት የገዛ ንግዱ ክረምት መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ካለፈው ዓመት መዝገቡ ላይ ቢያነብ መልካም ነው።

ሴት ልጄ ሦስተኛ ክፍል በገባችበት ዓመት የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ደብተራቸውን የሸፈኑት ከእኛ መደብር በተገዛ ወረቀት ነበር። የእርሷ ሰባት ደብተሮች ግን እንደ ተወለዱ ዕርቃናቸውን፣ ስምም ሳይጻፍባቸው፣ በፌስታል ታጭቀው ሄዱ፤ እኛ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ስንሸጥ አምሽተን ቤት ስንደርስ ተኝታ አግኝተናታልና። መምህርቷ ምክንያቱን ብትጠይቃት፣ «አባቴ ደብተር ሻጭ ስለ ሆነ ጊዜ የለውም» ብላ መለሰች። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ትርጓሜው የገባኝ በዚያን ዕለት ነው። ማታ መዝገቡን ስዘጋ የዚያ ወር ትርፍ ካለፈው ዓመት ሁሉ በልጦ ተገኘ፤ የሰባቱን ደብተሮች ነገር የምጽፍበት ዐምድ ግን በመዝገቡ ውስጥ አልነበረም።

መካሪዎች ሁሉ «ንግድህንና ልጆችህን አመዛዝን» ይላሉ። ቃሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሚዛን ይዞ የሚውል ሰው እንደሚያውቀው፣ ሁለቱ ሳሕኖች የሚስተካከሉት በአንዱ ሲጨመር ወይም ከሌላው ሲነሣ ነው፤ የመዓልትና የሌሊቱ ድምር ከ24 ሰዓት የማያልፍ በመሆኑ ደግሞ የሚጨመር ነገር የለም፤ የቀረው ማንሣት ብቻ ነው። እንግዲህ ክረምቱን በደህና የሚወጣ ነጋዴ ሁሉን ያሟላ ሰው ሳይሆን የሚያጣውን ነገር በግንቦት ተቀምጦ የመረጠ ሰው ነው። ይህን ያስተማሩኝ መጻሕፍት ሳይሆኑ ከመደብራችን ጀርባ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ፣ ልጆቻችን «እትዬ» የሚሏቸው ጎረቤታችን ናቸው።

እትዬ በግንቦት ወር ለደንበኞቻቸው ሁሉ፣ እስከ ሰኔ አጋማሽ ልጁን አምጥቶ ያስለካና ቀብድ የከፈለ በአሮጌው ዋጋ፣ በነሐሴ የመጣ ግን በአዲሱ ዋጋ እንደሚስተናገድ ይነግራሉ። እናቶቹ «ልጁ እኮ በክረምት ይመዘዛል፤ መስከረም ላይ ያጥረዋል!» ብለው ይከራከራሉ። እሳቸውም ሜትሩን ከአንገታቸው ሳያወርዱ የሱሪውን ጫፍ በአራት ጣት ያጥፉና ክሩን አስፍተው፣ በቀላሉ እንዲተረተር አድርገው ይሰፉታል፤ «መስከረም ላይ ምላጭ ይዘሽ መምጣት ብቻ ነው» ይላሉ። ከነሐሴ 20 ቀን በኋላ ግን ማንም ቢለምን፣ እጥፍ ቢከፍልም፣ ጨርቅ አይቈርጡም። ደንበኛ አይሸሽብዎትም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ይሸሻል እንጂ! ደንበኛ ግን ሲከፋው ይቈጣል፤ ቢቈጣ ደግሞ ምን እንዳደርግለት ዐውቃለሁ። ትንሿ ልጄ ሲከፋት ዝም ነው የምትል፤ እኔ የምፈራው ዝም የሚለውን ነው» አሉኝ።

ይህ ንግግር ብዙ አሳሰበኝ። ደንበኛው ይጮኻል፣ ጅምላ ሻጩ ይደውላል፣ ግብሩ ቢዘገይ መቀጫ አለው፤ ልጅ ግን በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ይነጫነጫል፣ በሁለተኛው ይለምናል፣ ወሩ ሲያልቅ ዝም ይላል፤ እኛም ያን ዝምታ ብስለት ነው ብለን «ልጄ ዘንድሮ አደገች» እያልን ለጎረቤት እናወራለን።

የጥንት አባቶች ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሰርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት ብለው ዕለቱን በሰባት የጸሎት ጊዜያት የወሰኑት፣ እንደሚመስለኝ፣ አጥር የሌለው ቀን የመጣው ሁሉ የሚግጠው ሜዳ መሆኑን ስላወቁ ነው። ነጋዴ ይመንኵስ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ደንበኞቻችን በየስንት ሰዓቱ እንደሚገቡ በደብተር ብንመዘግብ፣ ከጧቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓትና ከዐሥር ሰዓት በኋላ ሲጨናነቁ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ ግን፣ የአዲስ አበባ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነውና፣ መንገዱ ሁሉ ጭር እንደሚል አገኘን። እኛ ያን ጊዜ አቧራ በመጥረግና ያለፈ ሒሳብ በመከለስ ስናባክነው ኖረናል። አሁን የልጆቹ ነው። ስልኩ ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ምሳ በአንድ ማዕድ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነገር ታላቅ መሆን የለበትም። እኛ ገበጣ እንጫወታለን። ወንዱ ልጄ ጠጠሮቹን ከማንሣቱ በፊት በዐይኑ ብቻ ቈጥሮ የት እንደሚያርፉ ስለሚያውቅ፣ ሠላሳ ዓመት ከቍጥር ጋር የኖርኩትን አባቱን ከሦስቱ ጨዋታ ሁለቱን ይረታኛል።

ስለ ፍልሰታም አንድ ነገር ልጨምር። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ እስከ በዓሉ እስከ ነሐሴ 16 ቀን ድረስ ከፍ ያሉት ልጆች ይጾማሉ፣ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰማሉ፣ ቀን ያስቀድሳሉ፤ በመካከሉም ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ይመጣና ሙልሙሉ ይጋገራል፣ ጅራፉ ይጮኻል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ልጆች ወደ መድረሳ ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ለሱቅ ባለቤት ሰፊ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ሆኖም ልጁን እስከ ደጀ ሰላሙ አድርሶ የሚመለስ አባት ቤተ ክርስቲያንን የልጅ ማቆያ እንዳያደርጋት ይጠንቀቅ፤ ከ15ቱ የጾም ቀናት ቢያንስ በጥቂቱ አብሮ ይቁም። በክረምት ስለሚሰጠው ማጠናከሪያ ትምህርት ግን ብዙ አልናገርም። ልጁ ለደከመበት ትምህርት ከሆነ ይሁን፤ ጧትና ማታ የሚያውለው ከሆነ «የት ላድርጋቸው» ለሚለው ጥያቄ በገንዘብ የተገዛ መልስ ነው።

ልጅን ሱቅ ማዋልስ? እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ወላጅ አይቻለሁ፤ አንደኛው ልጁን ከሠራተኛ ሳይለይ የሚያሠራ፣ ሁለተኛው «ልጄ የእኔን መከራ አያይም» ብሎ የሚበላው እንጀራ ከየት እንደሚመጣ የሚሰውርበት። ለፊተኛው የሀገሩ ሕግ ልክ አበጅቶለታል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠራ ያዝዛል። ሕጉ የሚናገረው ስለ ተቀጣሪ ነው፤ ለባዕድ ልጅ የተከለከለውን ለገዛ ልጅ መፍቀድ ግን ለሕሊና የሚመች አይመስለኝም። ለኋለኛው ወላጅ የምለው ይህ ነው፦ ለልጅህ በቀን አንድ ሰዓት፣ እውነተኛ የሆነ፣ መጨረሻ ያለውና ቢሳሳት ብዙ የማያስከፍል ሥራ ስጠው።

የእኔ ልጅ ሥራው እርሳስ መቍጠር ነው፤ 12ቱ አንድ ደርዘን፣ 12ቱ ደርዘን አንድ ግሮስ፣ ይኸውም 144። አንድ ቀን ከመደርደሪያ የወደቀ ካርቶን ውስጥ ያለውን ቈጥሮ ከጨረሰ በኋላ አንዱን እርሳስ መቅረጽ ጀመረ። ጫፉ ተሰብሮ ወደቀ። እንደገና ቀረጸ፤ እንደገና ወደቀ። ካርቶኑ ሲወድቅ የውስጡ ሊድ ተሰባብሮ ነበር እንጂ ከውጭ ሲታይ ያው አዲስ እርሳስ ነው። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና፣ «አባዬ፣ ይህንንም በዚያው ዋጋ ነው የምንሸጠው?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያን ቀን በፊት ብዙ ካርቶን ወድቋል፣ ብዙም ተሸጧል። የምመልሰው ባጣ ጊዜ ባዶ ሳጥን አምጣ አልኩትና በላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የወደቀ፤ በግማሽ ዋጋ» ብሎ ጻፈበት። ልጅን ወደ ሱቅ ያስገባ ሰው ረዳት ብቻ ሳይሆን ምስክርም እንዳስገባ ይወቅ፤ እኔ ይህን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬ ቤት አውለው ነበር።

የመረጥነው ኪሳራ ደግሞ ያለ ዋጋ አልቀረም። በጳጉሜን ወር አንድ ቀን፣ ያውም ገበያው በሚደራበት ሰሞን፣ መደብሩን በዐሥራ አንድ ሰዓት እንዘጋለን ብለን በግንቦት ወስነን ብንዘጋ፣ አንድ በጅምላ ይገዛን የነበረ ሰው መጥቶ ተዘግቶ ስላገኘው ወደ ሌላ ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። እኔ ስለ እርሱ አሁንም አልፎ አልፎ አስባለሁ።

ባለፈው ዓመት በዚያው ቀን መዝጊያውን እስከ ወገብ አውርደን፣ ካርቶን መሬት ላይ አንጥፈን አራታችንም ተቀመጥን። ባለቤቴ ወረቀቱን ትለካለች፣ እኔ እቈርጣለሁ፣ ወንዱ ልጅ ያጣብቃል፣ ታላቂቱ በአማረው ጽሕፈቷ ስም ትጽፋለች። ስምንተኛው ደብተር ላይ ስንደርስ መዝጊያው ተንኳኳና ካፊያ ውስጥ የቆሙ የሁለት ሰዎች ጫማ ከታች ታየን። እኔ እጄን ወደ መቀሱ ማስቀመጫ ዘረጋሁ፤ ለመነሣት ነበር። ልጄ ከጽሕፈቷ ቀና ሳትል፣ «ነገ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንከፍታለን» ብላ ተናገረችና፣ ወደ እኔ ዞራ፣ «አባዬ፣ ይኸኛው ጠርዙ ጠማማ ነው፤ እንደገና ቍረጠው» አለችኝ።