የምንፈርምበት የኮምፒውተር ደንብ ምን ይላል?



ኮምፒውተር ላብ ለመጠቀም ወይም ዋይፋይ ለማግኘት የአጠቃቀም ደንብ ላይ እንፈርማለን። አብዛኞቻችን ሳናነበው ነው፤ ብናነበውም ቃላቱ ያስቸግራሉ። ጥቂቶቹን እንይ።

«የተጠቃሚ አካውንት» ለሲስተሙ ራሳችሁ ናችሁ። ኮምፒውተሩ የሚያውቃችሁ በመልካችሁ ሳይሆን በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል ነው። «ሎግ» ደግሞ ሰርቨሩ የሚይዘው መዝገብ ነው፦ የትኛው አካውንት፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው አይፒ አድራሻ እንደገባ። ስለዚህ የይለፍ ቃላችሁን ለዶርም ጓደኛ «ለዛሬ ብቻ» ብላችሁ ብትሰጡና እሱ የማይሆን ነገር ቢሠራበት፣ መዝገቡ ላይ የሚገኘው የእናንተ ስም ነው። ጓደኛን እምቢ ማለት ይከብዳል፤ አውቃለሁ። አብራችሁ ተቀምጣችሁ የሚፈልገውን ፋይል አውርዱለት እንጂ ቁልፉን አትስጡት።

ብዙዎችን የሚያደናግረው «ደራሽነት» ነው። ወደ ሲስተም ወይም ዳታ መግባት መቻል ማለት ነው። «ያለ ፈቃድ ደራሽነት» ሲባል የይለፍ ቃል መስበር ብቻ አይምሰላችሁ፤ ሌላ ተማሪ ሳይዘጋ የተወውን ኢሜይል ማንበብም እዚህ ይገባል። ቀልድም አይደለም፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ መግባትን በእስራት ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል አድርጎታል።

«ባንድዊድዝ» ኔትወርኩ በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው የዳታ መጠን ነው። አንዱ ፊልም ሲያወርድ የሌላው አሳይመንት አልላክ የሚለው ለዚህ ነው። «ማልዌር» ጎጂ ሶፍትዌር ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የዞረ ፍላሽ ይዞት ሊመጣ ይችላል።

ከላብ ስትወጡ «ሎግ አውት» በሉ። መስኮቱን መዝጋት ብቻ ሁልጊዜ አካውንቱን አይዘጋውም።