የመጠነ ቁስ ምንጭና የውሁድ ቅንጣቶች ንድፈ ሐሳብ፦ ከፕሮቶን እስከ ሂግስ

የፕሮቶን መጠነ ቁስ 938 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ፕሮቶንን የሚሠሩት ሁለት አፕ ኳርኮችና አንድ ዳውን ኳርክ ከሂግስ መስክ ያገኙት መጠነ ቁስ ሲደመር ግን 10 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት እንኳ አይሞላም። የተረፈው በአመዛኙ የኳርኮቹ እንቅስቃሴና እነርሱን የሚያስተሳስረው የግሉኦን መስክ ኢነርጂ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2012 የሂግስ ቅንጣት ሲገኝ «የመጠነ ቁስ ምንጭ ታወቀ» መባሉ ስለ ኤሌክትሮን እውነት፣ ስለ ድንጋይና ስለ ሰው ገላ ግን ስሕተት ነው።

የዚህን አሠራር ፍንጭ ዮይቺሮ ናምቡና ጆቫኒ ዮና ላሲኒዮ እ.ኤ.አ. በ1961 ከሱፐርኮንዳክተር ንድፈ ሐሳብ ተውሰው አሳይተዋል። መጠነ ቁስ የሌላቸው ቅንጣቶች በብርቱ ሲሳሳቡ ባዶው ቦታ ራሱ በቅንጣትና በጸረ ቅንጣት ጥንዶች ይሞላል፤ ሲሜትሪው ይሰበራል፤ ቅንጣቶቹም መጠነ ቁስ ያገኛሉ። ስብራቱ ከሌሎቹ እጅግ የሚቀልል ቅንጣት ትቶ ያልፋል፤ እርሱም 140 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የሆነው ፓዮን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ውጤት አለ። የሂግስ መስክ ባይኖር እንኳ እነዚሁ የኳርክ ጥንዶች ለደብልዩ ቦዞን መጠነ ቁስ በሰጡት ነበር። ችግሩ መጠኑ ነው፤ ስሌቱ 30 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲሰጥ የተለካው ከ80,000 ይበልጣል። ስቲቨን ዋይንበርግና ሊዮናርድ ሰስኪንድ በ1970ዎቹ ያራመዱት፣ ቴክኒከለር የተባለው ሐሳብ ይህን ጉድለት ለመሙላት የታሰበ ነው፦ ተመሳሳይ፣ ግን በሺዎች እጥፍ ከፍ ባለ ኢነርጂ የሚሠራ ሌላ ጠንካራ ኃይል ቢኖር መሠረታዊ የሂግስ ቅንጣት አያስፈልግም። ውበቱ አያከራክርም። ለኳርኮችና ለኤሌክትሮን መጠነ ቁስ ለመስጠት ሲሞከር ግን በተፈጥሮ እጅግ ብርቅ የሆኑ የኳርክ ለውጦች በብዛት መከሰታቸው ግድ ሆነ፤ በ1990ዎቹ በሴርን የተደረጉት ጥብቅ የዜድ ቦዞን ልኬቶችም ቀላሉን ቅርጹን አልደገፉም። በመጨረሻም መጠነ ቁሱ 125 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ የሆነ ሂግስ ተገኘ።

ይህ ሁሉ ሂግስ ውሁድ ላለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ዴቪድ ካፕላንና ሃዋርድ ጆርጃይ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳመለከቱት፣ ሂግስ ራሱ የአዲሱ ኃይል ፓዮን ሊሆን ይችላል፤ ቀላልነቱም ከዚህ ይመነጫል። እንዲህ ከሆነ ከደብልዩና ከዜድ ጋር ያለው ትስስር በስታንዳርድ ሞዴል ከተተነበየው ያንሳል። አዲሱ ሲሜትሪ የሚሰበርበት ኢነርጂ 1,000 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆን፣ በተለመዱት ሞዴሎች ጉድለቱ 3 በመቶ ገደማ ነው። የትልቁ ሃድሮን ኮላይደር ልኬት እስካሁን የደረሰበት ጥራት 5 በመቶ አካባቢ ነው።