በመዝገብ ስላልተገኙት ደራስያት

ቦታው በቶሮንቶ ከተማ በሬክስዴል፣ በኪፕሊንግ ጎዳና ካለው ረጅም ሕንፃ የየኔታ ቤት ነው። ጠያቂዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

ተማሪ፦ የኔታ፣ የጥቁር ሴቶችን ድርሰት ላጠና ብዬ መዛግብቱን ብገልጥ ባዶ ሆኑብኝ። ሳይጽፉ ቀርተው ይሆን?

የኔታ፦ ልጄ፣ አለመጻፍና ተጽፎ አለመመዝገብ አንድ አይደሉም። ከዚሁ ከከተማችን ልነሣ። ጥቁሯ ጋዜጠኛ ሜሪ አን ሻድ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1853 «ፕሮቪንሻል ፍሪማን» የተባለውን ጋዜጣ በዊንዘር ስትመሠርት፣ በአዘጋጅነት የታተመው የሳሙኤል ሪንጎልድ ዋርድ ስም ነበር፤ በ1854 ሥራው ወደዚህ ወደ ቶሮንቶ ከመጣ በኋላም በስሟ መነሻ ፊደላት ብቻ ትፈርም ስለ ነበር፣ ደብዳቤ ላኪዎቿ «ሚስተር» እያሉ ይጽፉላት ነበርና፣ እርሷ ታክቷት ሙሉ ስሟን በጋዜጣው አትማ እንዲህ መባሉን እንደማትወድ አስታወቀች። የመጀመሪያውን እትም ብቻ የገለጠ መርማሪ ግን ወንድ አዘጋጅ አግኝቶ መጽሐፉን ይዘጋል።

ተማሪ፦ በእኛስ አገር?

የኔታ፦ በእኛማ ይብሳል። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ገድል ደናግሉ ተረኩ፣ ገላውዴዎስ መነኵሴው ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን እንለፈው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ስውር ሳሉ በጎጃም ጉባኤ ዘርግተው ለወንዶች ተማሪዎች ቅኔ አስተማሩ፤ ቅኔ ደግሞ በማኅሌት አንዴ ከተነገረ የማይደገም ስለ ሆነ፣ የእርሳቸውም አብዛኛው ከሰሚው ጆሮ አላለፈም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነገር ነው። በስዊስና በፈረንሳይ ተምረው፣ በኢጣልያ ወረራ ዘመን አዚናራ በተባለ የኢጣልያ ደሴት ታስረው፣ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ተማሪ ቤትን መርተው፣ በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው የመጀመሪያዪቱ ሴት እንደራሴ ሆኑ። «የልቤ መጽሐፍ»ን በ1942 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ ለተማሪ ቤቱ መድረክ ከደረሷቸው ቴአትሮች ግን ብዙዎቹ ሳይታተሙ ቀሩ። ታዲያ የታተመውንስ ማን ያገኘዋል? ጠንቃቃ ቤተ መጻሕፍት በስማቸው ይመዘግባቸዋል፤ የፈረንጅን ልማድ የተከተለው ግን «ገብሩ» ብሎ፣ ነጠላ ሰረዝ ጥሎ፣ «ስንዱ» ይላል። በዚህች ሰረዝ ምክንያት አባትየው ከንቲባ ገብሩ ከፊት ተሰየሙ፣ ደራሲዋ ከኋላ ተከተሉ! በአንድ ቤተ መጻሕፍት ይህን ለሠራተኛው ባስረዳው፣ «ኮምፒውተሩ ነው» አለኝ። ኮምፒውተሩን ማን አስተማረው?

ተማሪ፦ የኔታ፣ የስም ቅደም ተከተል ይህን ያህል ያስቆጣል?

የኔታ፦ በ«ስ» የፈለገ በ«ገ» የተቀመጠውን አያገኝም፤ ያላገኘም «የለም» ብሎ ይጽፋል፤ ተከታዩም የእርሱን ጽሑፍ በምስክርነት ይጠራል። እንግዲህ አንቺ በ«ስንዱ»ም በ«ገብሩ»ም ፈልጊ። ላልታተመው ቴአትር ግን ወረቀት አትጠብቂ። በዚያ መድረክ የተጫወቱት ልጃገረዶች ዛሬ ባልቴቶች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዲት እዚህ ቶሮንቶ ከልጇ ጋር የምትኖር ብትኖር አፈላልጊና፣ የነበራትን ክፍል በቃሏ እንድትወጣልሽ ለምኚ፤ ድምፅዋንም ቅጂ። እንደዚያ ያለች ሴት ዕድሜዋ የገፋ ነውና፣ ፈተናሽ እስኪያልቅ አትቆዪ።