ከመሬት የወጣ ሳንቲም የማን ነው?

 

ለቤት መሠረት ስትቆፍሩ ዐረብኛ ጽሑፍ ያለበት አሮጌ ሳንቲም ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው "ስንት ያወጣል?" ብለን ነው። ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ እንማር።

በድሬዳዋና በሐረር መካከል ሐርላ የምትባል የገጠር መንደር አለች። የአካባቢው ገበሬዎች መሬታቸው ውስጥ አሮጌ ሳንቲምና የሸክላ ስባሪ ያገኙ ነበር። የፍርስራሹ ድንጋዮች ትልልቅ ስለሆኑም "ይህን የሠሩት ግዙፍ ሰዎች ናቸው" ይባል ነበር። በኋላ የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ቁፋሮ አካሄዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሆነ።

ምን ተገኘ? የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጂድ፣ የሙስሊሞች መቃብር፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ ከቻይናና ከየመን የመጣ ሸክላ፣ ከማልዲቭስ የመጣ ዛጎል፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ የተሠሩ የነሐስና የብር ሳንቲሞች። የመስጂዱ አሠራር በታንዛኒያና በሶማሊላንድ ከተገኙት ጋር ይመሳሰላል። የተገኙት አፅሞች ደግሞ የግዙፎች አይደሉም፤ እንደኛው ያሉ ሰዎች ናቸው። ነጋዴዎች፣ አንጥረኞች፣ ሰጋጆች ነበሩ።

በአማራ ክልል ይፋት ውስጥም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ዐረብ ጸሐፊ አል‑ዑመሪ በሐበሻ ምድር ስለነበሩ ሰባት ሙስሊም መንግሥታት ጽፏል፤ አንዷ ይፋት ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ኖራን፣ አስባሪንና መሳልን የመሰሉ የከተማ ፍርስራሾችን ከነመስጂዶቻቸው ለዓለም አስተዋወቁ። በወረቀት የነበረው መሬት ላይ ታየ።

አሁን ወደ ሳንቲሙ እንመለስ። አፈር እንደ መጽሐፍ ገጽ በላይ በላዩ ይነባበራል፤ የታችኛው ይቀድማል፣ የላይኛው ይከተላል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሳንቲም ባልተነካ ንብርብር ውስጥ ከተገኘ፣ ያ ንብርብር ከዚያ ዘመን በፊት የተከመረ ሊሆን አይችልም። አብሮት ያለው ከሰልና የሸክላ ስባሪም አብሮ ይመሰክራል። ሳንቲሙን አውጥተን ኪሳችን ስንከት ግን ገጹን ቀደድነው። ሳንቲሙ ይኖራል፤ ምስክርነቱ ይጠፋል።

ይህ ጉዳት በሌላም አገር ደርሷል። ከሮማውያን በፊት በጣሊያን የነበሩ ኤትሩስካውያን የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1828 ቩልቺ በሚባል ቦታ መሬት ተደርምሶ የእነሱ መቃብር ተገለጠ። የናፖሊዮን ወንድም ሉሲየን ቦናፓርት በጥቂት ወራት ውስጥ በሺ የሚቆጠሩ ዕቃዎችን አስወጣ። ጆርጅ ዴኒስ የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ በኋላ በዚያው ሲደርስ ሠራተኞቹ ሥዕል የሌለበትን ሸክላ እየሰበሩ ሲጥሉ ተመልክቷል። ገበያ አያወጣም ተብሎ ነው! የተራው ሰው ሕይወት የተጻፈው ግን በዚያ ተራ ሸክላ ላይ ነበር።

ሸሪዓችንስ ምን ይላል? ፉቀሃዎች የተቀበረ ሀብትን በሁለት ይለዩታል። ከእስልምና በፊት የነበሩ ሰዎች የቀበሩት "ሪካዝ" ይባላል፤ አንድ አምስተኛው ይወጣለታል። የእስልምና ምልክት ያለበትን ግን ብዙኃኑ ዑለማእ እንደ "ሉቀጣ"፣ ማለትም ባለቤት እንዳለው የጠፋ ንብረት ያዩታል፤ ሉቀጣ ያገኘ ሰው ደግሞ ለአንድ ዓመት ያስታውቃል። ዝርዝሩን ዑለማእን ጠይቁ። መሠረቱ ግን ግልጽ ነው፦ "ያገኘ ይውሰድ" የሚባል ነገር የለም። በእጅህ የገባ ሁሉ ያንተ አይደለም፤ አማና ሊሆን ይችላል።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ሳይነካካ እንዲጠብቀው ያዛል።

"እኛ ጫግኒ ነን፤ ሐርላ የት፣ እኛ የት!" ትሉ ይሆናል። የሐርላ ገበሬም ከእርሻው ሥር መስጂድ መኖሩን አላወቀም። ጫግኒም ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ቤት ይሠራል፣ ማሳ ይታረሳል። ስለዚህ ሦስት ነገር ያዙ። አንድ፣ ያገኛችሁትን ካለበት አታንሱ፤ ባለበት ፎቶ አንሱት፤ ቁፋሮውን አቁሙ። ሁለት፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ሦስት፣ "ወርቅ አለ" ብሎ ሌሊት መቃብር የሚቆፍር ሰው ካያችሁ ዝም አትበሉ፤ ሟቹ ራሱን መከላከል አይችልም።

ያ የሐርላ አንጥረኛ ስሙ አልቀረልንም። ዶቃው፣ መስጂዱና ቀብሩ ግን እንደነበረ መሰከሩለት። ለእኛም ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ ማን ይመሰክርልን ይሆን?

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን!